የቶርቫል ወፍጮ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። ቪቤኬ ግን ስድስት ወር ሙሉ ቂሟን ይዛ ስትጸልይ ከረመች። ጸሎቷ አጭር ነበር፤ የሥራ ባልንጀራዋ የኤቤ ሠላሳኛ ልደት እንዲደርስ ብቻ።

ነገሩ የተጀመረው በራሷ ልደት ነው። እኛ ኮፐንሀገኖች ዘንድ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ያላገባ ሰው ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፤ ወንድ ነው ሴት ነው ብሎ መምረጥ የለም። ወዳጆቹ ደጃፉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቁንዶ በርበሬ ወፍጮ ያቆሙለታል፣ እሱን ከአንድ ነገር ጋር ያስሩታል፣ ከዚያ ያዘንቡበታል። እሱም እያስነጠሰ ቢራ ይጋብዛቸዋል። ጨዋ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደጅ ነው። ኤቤ ግን ያን ቀን ዝናብ ነው አለና ከረጢቱን እንዳለ ስቱዲዮአቸው ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ዘረገፈው። ቪቤኬ ደግሞ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የእናቱን ምስል ሥላ መጨረሷ ነበር። ቀለሙ አልደረቀም። ቁንዶ በርበሬው በአየር ላይ ተንሳፍፎ ተንሳፍፎ ሄዶ የአሮጊቷ ፊት ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊወስደው በመጣ ጊዜ።

«ጠቃጠቆ ነዋ» አለ ኤቤ ዐይኑን በጨው ታጥቦ።

«እናቴ ጠቃጠቆ የላትም!»

«አሁን ነው እንጂ ጌታዬ፣ በልጅነታቸው እርስዎ የት ነበሩ?»

ሰውየው ሊመረምር ወደ ምስሉ ጠጋ አለ። አስነጠሰው። ደገመው፣ ሠለሰው፤ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። አሮጊቷ ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቀሩ፤ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥሳል። ቪቤኬም ባስነጠሳት ቁጥር ከምድጃው ወዲያ ማዶ «ይማርሽ» የሚል የተደሰተ ድምፅ ትሰማለች። እንግዲህ ይህችን ሴት ማን ቂም አትያዥ ይላታል?

ሁለቱ የሚሠሩት ኮፐንሀገን፣ ኖሬብሮ ሰፈር፣ ድሮ የጃንጥላ ፋብሪካ በነበረ ጓሮ ውስጥ ነው። እሷ ሠዓሊ፣ እሱ እንጨት ቀራጺ። አንድ ምድጃ፣ አንድ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ይጋራሉ። የተዋወቁት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ሁለቱም የመግቢያ ፈተና በወደቁበት ቀን ነው። እሷ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፤ እሱ የወደቀበትን የእንጨት ፈረስ ጭንቅላት ተሸክሞ መውረድ አቅቶት ቆሟል። «እያለቀስሽም ቢሆን አንዱን ጆሮ ያዢልኝ» አላት። ያዘችለት። ያን ጆሮ እንደያዘች ዐሥር ዓመት አለፈ።

«ለምን አትጋቡም?» ትላቸው ነበር ጓሮው መግቢያ ላይ ሱቅ ያላት ወይዘሮ ግሬተ። «ቁንዶ በርበሬውም ይቀርላችሁ ነበር፣ እኔም ዐርፍ ነበር።»

አንድ ጊዜ ሞክረዋል፤ ለወይዘሮ ግሬተ አልነገሯትም እንጂ። ከንፈር ለከንፈር ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው ሁለቱንም ሣቅ አፈናቸው። ኤቤ ሲሥቅ ከወንበሩ ወድቆ ክርኑን ተላጠ። ፍቅር አልነበረም ማለት አይደለም፤ ነበረ፣ ግን በሌላ በር የገባ ነው።

አሁን ስለ ኤቤ ሥራ እውነቱን እንናገር። ከሰው ሁሉ ቀልደኛ የሆነው ይህ ሰው መሮ ሲጨብጥ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ነበር። ያጎነበሰ ሰው ይቀርጻል። ቀጥሎ ይበልጥ ያጎነበሰ ይቀርጻል። ቀጥሎ ያለው አፍንጫው መሬት ነክቷል። ስማቸው «ሐዘን»፣ «ታላቅ ሐዘን»፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የፀደይ ኤግዚቢሽኑ ዳኞች በየዓመቱ ይመልሱበታል፤ እሱም በየዓመቱ ይበልጥ ያጎነበሰ ሰው ይልክላቸዋል።

«አንተን የሚመስል ነገር ለምን አትሠራም?» አለችው ቪቤኬ አንድ ቀን።

«እኔ ምን እመስላለሁ?»

«የሰው አይብ ሰርቆ አይጥ ነው የሚል ሰው።»

«ጥበብ ቀልድ አይደለም፣ ቪቤኬ» አላት። ይህን ሲል ጢሙ ላይ የእሷ አይብ ነበረ።

በዚያ ክረምት መጨረሻ፣ ምሳ ላይ፣ ጥቁር ዳቦው ላይ የጨው ዓሣ እየደረደረ እንዲህ አለ፦ «ዘንድሮ ለኤግዚቢሽኑ አልልክም። ሠላሳ ሲሞላኝ ወደ አባቴ እገባለሁ።»

አባቱ ሽማግሌው ላውሪትስ በዩትላንድ ምዕራብ ዳርቻ የሬሳ ሣጥን ሠሪ ናቸው።

«ትቀልዳለህ» አለች ቪቤኬ።

«ሣጥን ጥሩ ሥራ ነው። ይሄ አልገባኝም ብሎ የሚመልስ ደንበኛ የለም።»

እሷ ሣቀች። እሱ አልሣቀም። ኤቤ የራሱ ቀልድ ላይ ካልሣቀ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው፤ የያዘችውን ዳቦ ሳትጨርስ አስቀመጠች። ፈራች። በዚያ ሁሉ ከተማ ውስጥ ሥዕሏን አይቶ «ይሄ ውሸት ነው፣ ፋቂው» የሚላት ሌላ ሰው አልነበራትም። ሌላው ሁሉ «ቆንጆ ነው» ይላታል። በቆንጆ ነው ብቻ የኖረ ሠዓሊ የት እንደሚደርስ ደግሞ ታውቀዋለች፤ የጥርስ ሐኪሞች መጠበቂያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይደርሳል።

ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ጠዋት ቂሟና ፍርሃቷ ተጋብተው አንድ ሐሳብ ወለዱ። እጁ አንዴ በሥራው ላይ ከሣቀ አይሄድም ብላ ወሰነች። ቂሟንም በዚያው ትወጣለች።

«ሥራ አግኝቼልሃለሁ» አለችው ቡና እየቀዳች። «ቫልቢ ሰፈር የሚኖር ሰው ሠላሳ ሊሞላው ነው። ጓደኞቹ ወፍጮ ይፈልጋሉ። ትልቅ፣ እጀታው የሚዞር።»

«ማን ይባላል?»

ስም አላሰበችም ነበር። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «ቶርቫል።»

ኤቤ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ትንሽ አቆየው። «ቶርቫል» አለ። «እሺ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰውየውን ሳላውቅ ወፍጮውን አልሠራም።»

ቪቤኬ ይህን ዕድል በሕልሟም አላገኘችውም። «ሰነፍ ነው» ብላ ጀመረች። «እርጥብ ካልሲውን የጋራ ምድጃ ላይ ይሰቅላል። ብስክሌት ሲነዳ ይዘፍናል፣ ድምፁ ደግሞ የታመመች ላም ነው። የሰው አይብ ይበላል። ሰው ሲያስነጥስ ደስ ይለዋል። ራሱን ትልቅ ፈላስፋ አድርጎ ያስባል።»

«ምን ዓይነት ነውረኛ ነው!» አለ ኤቤ ከልቡ። «ለእንዲህ ዓይነቱማ ቁንዶ በርበሬ ያንሰዋል። ሚጥሚጣ ነበር የሚያስፈልገው።»

ቪቤኬ ሣቋን ለመዋጥ ቡናው ላይ አጎነበሰች።

በማግስቱ ከወደብ አሮጌ ግንድና የዓሣ በርሜል ጎትቶ መጣ። ምድጃው ጋ መጋረጃ ሰቀለ። «ከውጭ ማየት ይቻላል። የሆድ ዕቃው ግን የእኔ ነው፣ እንዳትነኪ» አላት። ከዚያ በመጋረጃው ውስጥ መሮው ይንኳኳ ጀመር፤ ከመሮው ጋር ፉጨት ይሰማል። ኤቤ እየሠራ ሲያፏጭ ሰምታ አታውቅም።

ወፍጮው በየቀኑ እያደገ ሄደ። በጎኑ ዙሪያ ቶርቫል መታየት ጀመረ፤ ጣት የሚያካክል ሰውዬ። እዚህ ጋ ከብስክሌት ይወድቃል። እዚያ ጋ አይብ በባርኔጣው ሸፍኖ በጣቱ ይራመዳል። ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት መጥበሻ ይዛ ታሳድደዋለች፤ ሴትየዋ ሠዓሊ ናት መሰለኝ፣ ጆሮዋ ላይ ብሩሽ ሰክታለች። ቪቤኬ ይህን አይታ «ገለጻዬ እንዴት ጥሩ ነበር!» ብላ ራሷን አደነቀች። ኤቤ ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነበር። አንድም ሰው አላጎነበሰም። እያየችው ደስ ይላታል፣ ወዲያው ደግሞ ለልደቱ ስንት ቀን እንደቀረው ትቆጥራለች።

እንዲህ እንዳለች አንድ ቀን ሻማ ልትገዛ ወደ ወይዘሮ ግሬተ ሱቅ ገባች። ኤቤ ጀርባውን ሰጥቶ በሱቁ ስልክ ያወራል። «ልደቴ ቀን ና፣ አባባ» ይላል። «በጠዋቱ ጀልባ ተሻገር። ትልቁን ተሳቢ ይዘህ ና። አዎ፣ ብዙ ነው... ገመድም አምጣ።»

ቪቤኬ ሻማውን ሳትገዛ ወጣች። ተሳቢ ማለት ዕቃ ማለት ነው፣ ዕቃ ማለት መሄድ ነው። እጁ ሣቀ፣ እግሩ ግን አልሰማም። ያን ዕለት አንድ ብሩሽ አላነሣችም። ወደ ማታ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ጣሪያው ያፈሳል» አለችው።

«ከዐሥር ዓመት ጀምሮ ነው እኮ የሚያፈሰው።»

«ዛሬ ነው የሰማሁት» አለች።

አልነገረችውም። ለምነው ያስቀሩት ሰው ቀረ አይባልም ብላ አሰበች። ቢያንስ ቁንዶ በርበሬውን ቀምሶ ይሄዳል። ወይዘሮ ግሬተ ሱቅ ያለውን ሁሉ ጠርጋ ገዛች፤ ሴትየዋም «የኔ ልጅ፣ ሰው ልትገድይ ነው እንዴ?» ብላ በነፃ ሌላ ከረጢት ጨመረችላት።

የመጋቢት ጠዋት ነበር፤ ጓሮው ውስጥ ነፋስ ይዞራል። ቪቤኬ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆና ወፍጮውን ደጅ አወጣች፣ ሆዱን ከላይ ባለው ቀዳዳ ሞላች። ስቱዲዮው ውስጥ ያደረው ኤቤ ዐይኑን እያሻሸ፣ በካልሲ ወጣ።

«ቶርቫል መጣ እንዴ?» አለ።

«ቶርቫል አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች፤ ጎረቤቶቹም ተረባርበው ከጓሮው የውኃ ቧንቧ ጋር አሰሩት። ኤቤ ደነገጠ። እንዴት ያለ ድንጋጤ! አፉን ከፈተ፣ ዐይኑን አንከባለለ፣ «እናንተ አረመኔዎች! በገዛ እጄ?» እያለ እግሩን አንፈራገጠ። ቪቤኬ ስድስት ወር የጸለየችለትን ድንጋጤ አንድም ሳይቀር አየች። እጀታውን በሁለት እጇ ያዘችና «ይሄ ለባለ መድኃኒት ቤቱ እናት!» ብላ አዞረችው።

ወፍጮው ሆዱ ጮኸ። ወደ ኤቤ የዞረችው አፍ ግን እንደተዘጋች ቀረች። በምትኩ ከቪቤኬ ራስ በላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ቷ ብላ ተከፈተች፤ ከመስኮቷ ውስጥ ቶርቫል ብቅ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ፤ ከባርኔጣው ሥር የወይዘሮ ግሬተ ቁንዶ በርበሬ በሙሉ ወረደ። በፀጉሯ፣ በአንገቷ፣ በእጅጌዋ ገባ። ለሰው የማሱት ጉድጓድ ለራስ ነው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አለ ኤቤ።

ደግሞ አስነጠሳት።

«ይማርሽ። ኧረ ቀስ በይ፣ ስንቴ ልበል?» እጆቹን ከገመዱ ውስጥ እንደ ጓንት አወለቃቸው። የታሰረ አስመስሎ ቆሞ ነበር እንጂ አልታሰረም፤ ጎረቤቶቹም ሁሉ ያውቁ ነበር። ወይዘሮ ግሬተ የሱቋን መጋረጃ ይዛ በሣቅ ተንጠልጥላለች።

«አንተ ከይሲ! ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከስሙ ነዋ! አንቺ ሞኝ፣ ሠላሳ የሚሞላው ቶርቫል የት አለ? ቶርቫል የሚባሉት ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል፤ የቀሩትን አባቴ ሣጥን ውስጥ ከቷቸዋል። ሄኒንግ ብትዪኝ፣ ፖውል ብትዪኝ አምንሽ ነበር። ቶርቫል! የአያቴን ወንድም ነው የጠራሽልኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያ ሁሉ «ምን ዓይነት ነውረኛ ነው» ማለት፣ ያ ሁሉ ፉጨት! ቪቤኬ ልትሥቅ ፈለገች። ሣቁ መንገድ ላይ ተለወጠና ልቅሶ ሆኖ ወጣ፤ ቁንዶ በርበሬ ስለነበረ ማንም አላስተዋለም።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። «አሸነፍክ። እንግዲህ ሂድና ሣጥንህን ሥራ። እዚያ አንተን የሚያህል ቀልደኛ የለም፣ ደንበኞችህም ዝም ብለው ይሰሙሃል።»

«ቪቤኬ...»

አስነጠሳት። ሊናገር ሲል የመኪና ጡሩንባ ጓሮውን ሞላው። ሽማግሌው ላውሪትስ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ትልቅ ተሳቢ ወደ ኋላ እየገፉ ገቡ። ቪቤኬ ሮጣ ከተሳቢው ኋላ ቆመች፤ ከራስ እስከ እግሯ ግራጫ ሆና፣ እጆቿን ዘርግታ።

«አይወስዱትም!» አለች።

ሽማግሌው ፍሬን ያዙ። «ማንን ነው ልጄ?»

«ኤቤን! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባቱ ነዎት፣ ዐውቃለሁ። ግን አይወስዱትም። ሥራው ገና አሁን ነው የተጀመረው፤ ያውልዎት፣ ይዩት!»

ላውሪትስ ከመኪናው ወርደው አዩዋት፣ ልጃቸውን አዩ፣ እንደገና አዩዋት። «እሱን ምን ላድርገው?» አሉ። «ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ አንድ ሣጥን ሠራልኝ። ክዳኑ እስከ ዛሬ አልገጠመም። ጎተራ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ሬሳ እንኳ ይታዘበናል። አሁን ደግሞ ደውሎ ትልቅ ወፍጮ አለኝ፣ ኤግዚቢሽኑ ዕቃ መቀበል የሚያቆመው ዛሬ ነው፣ ድረስልኝ አለኝ፤ መጣሁ። የታለ ወፍጮው?»

ቪቤኬ ወደ ኤቤ ዞረች።

«ልነግርሽ ስል አስነጠሰሽ» አለ።

«አልሄድም ማለትህ ነው?»

ኤቤ ያን ጊዜ ቀልዱን ተወው። «ስነግርሽ ልሄድ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ አንቺ ቶርቫል አልሽ፤ ወጥመድ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፣ እኔም ወጥመዱን ልገለብጠው ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ራሴን ስሰማው ያፏጫል። ሰው ወጥመድ የሚያጠምደው ሊኖርበት ባሰበው አገር ነው፣ ቪቤኬ። የሚሄድ ሰው ለምን ይደክማል?»

እሷ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። አስነጠሳት። «ይማርሽ» አሉ አባትና ልጅ ባንድ ላይ።

ወፍጮውን ጫኑት። እንዳይወድቅ ቪቤኬ ተሳቢው ላይ ወጥታ አቀፈችው፤ ከተማውን እያስነጠሰች አቋረጠች። ከዳኞቹ አንዱ፣ ባለ መነጽሩ፣ እጀታውን ሳይነኩ ማለፍ አቃታቸው፤ ቶርቫልም ባርኔጣውን አንሥቶ በተረፈችው ቁንዶ በርበሬ ተቀበላቸው። ወፍጮው ተቀባይነት አገኘ። «እጀታውን መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈበት፤ ያን ያነበበ ሁሉ ነካው።

ኤቤ ሀብታም አልሆነም። ሥራው ግን ከዚያ ወዲያ አላጎነበሰም። ቪቤኬ ኋላ የጀልባ መካኒክ አገባች፤ ኤቤ ሚዜዋ ሆኖ ቁንዶ በርበሬ ጫማዋ ውስጥ ጨመረ። እሱ አላገባም፣ ስለዚህም በየዐሥር ዓመቱ ይነሰነስበታል፤ እሷም በየዐሥር ዓመቱ አንድ ነገር ታስባለች፣ እሱም በየዐሥር ዓመቱ ይገለብጥባታል። አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈችውም። ጣሪያው እስከ መጨረሻው አፈሰሰ።

ለሰባኛው ልደቱ ግን የማይገለበጥ ዘዴ አገኘሁ ብላ ተማምና ነበር። ልደቱ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኤቤ በተኛበት አረፈ። «ሸሸኝ» አለች ቪቤኬ ለወዳጅ ዘመዱ፤ ሌላ ማለት አልቻለችም።

በኑዛዜው መሠረት የተቀበረው ራሱ በልጅነቱ በሠራው ሣጥን ነው። ክዳኑ አሁንም አልገጠመም፤ በአንድ በኩል ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨርሰው ዘወር ሲሉ ቪቤኬ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ቀረበች። ከቦርሳዋ የወጥ ቤቷን ትንሽ የቁንዶ በርበሬ ወፍጮ አወጣች። አሁን የትም አያመልጠኝም ብላ ጎንበስ አለችና በክፍተቷ ትክክል ፈጨችው።

መጋቢት ነበር። ነፋሱ ከጉድጓዱ ውስጥ ዞሮ ወጣና ቁንዶ በርበሬውን አንድም ሳይቀር መልሶ ፊቷ ላይ በተነው።

«አሁንም ገለበጥከው!» ብላ ጮኸች። ቄሱ ዞረው አዩዋት።

አስነጠሳት። ቀጥ ብላ ቆማ፣ እንደ ልማዷ፣ ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን ድምፅ ጠበቀች። ዛፎቹ ብቻ ይወዛወዛሉ። እንባዋ ወረደ፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ሣቋም መጣ።

«ይማርሽ» አለች ራሷ፣ በእሱ ድምፅ።